አረም ጠባቂዋ

በካሮት ማሳው ላይ የሚሠሩት ሴቶች ሁሉ «ወረንጦ» ነው የሚሏት። እውነተኛ ስሟን እናቷ እንኳ የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነው። ስሙን ያወጡላት በጣቶቿ ምክንያት ነው። ወረንጦ እሾህን ከሥጋ ውስጥ መዞ እንደሚያወጣ ሁሉ እሷም ሁለት ጣቷን አፈር ውስጥ ሰደድ ታደርግና አረሙን ከነሥሩ፣ ከነፀጉሩ ትመዘዋለች። አጠገቡ ያለችው የካሮት ቡቃያ ጎረቤቷ መነቀሉን እንኳ አትሰማም።

ካሮት ደግሞ እንደሌላው አትክልት አይደለም። ተዘርቶ ቶሎ አይበቅልም፤ ከበቀለም በኋላ ልጅነቱ ረጅም ነው። ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ ስለሆነ ከጎኑ የበቀለው ሁሉ ይጋፋዋል፣ ፀሐዩን ይከልለዋል፣ ውኃውን ይሻማዋል። በዚያ ዕድሜው ካልታረመለት አለቀለት ማለት ነው። ወረንጦ ይህን ለመጣ ለሄደው ሁሉ ትናገራለች። «የካሮት እናቱ አፈር እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ነኝ» ትላለች።

እዚህ ሥራ የገባችው በልጅነቷ ነው። አባቷ ሲሞት እናቷ የሰው ልብስ ለማጠብ ወጣች፤ እሷ ደግሞ ደብተሯን አስቀምጣ ማሳ ወረደች። ታናሽ እህቷ ያኔ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች። እናታቸው ስትወጣ የሚይዛት ስለሌለ ወረንጦ እሷን አዝላ ነው ያረመችው። ትንሿ ትምህርት ቤት ስትገባም ጫማዋን የገዛች፣ ፀጉሯን የሠራች፣ «ወላጅ ይምጣ» ሲባል የሄደች እሷው ናት። «እኔ የጀመርኩትን እሷ ትጨርሰው» ትል ነበር።

ትንሿም ጨረሰችው። ሥራ ግን አልተገኘም። ወረቀቷን ይዛ በየቢሮው ደጅ ብትመላለስ «እንጠራሻለን» እያሉ ሳይጠሯት ቀሩ። በመጨረሻ ወረንጦ ራሷ እጇን ይዛ ወደምትሠራበት የእርሻ ምርምር ጣቢያ ወሰደቻት።

«ጋሼ» አለችው ካቦውን። ካቦ የአራሚዎቹ አለቃ ነው፤ ማን የትኛው መስመር ላይ እንደሚሠራ ይመድባል፣ የቀረውን ያውቃል፣ ያረፈደውን ይቆጣል። «እህቴን አምጥቻለሁ። እኔ አስተምራታለሁ።»

«እንዳንቺ ናት?»

«እንደኔስ ማንም የለም ጋሼ። ግን ትለምዳለች።»

ካቦው ሳቀ፣ ትንሿም ሳቀች። ወረንጦ ግን የምሯን ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ ሁሉ ደህና ነበር። ጎን ለጎን ሆነው ያርማሉ፣ ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ይበላሉ፣ ሲመሽ አብረው ይመለሳሉ። ነገር የመጣው በዶክተሩ በኩል ነው። ዶክተሩ የአረም ተመራማሪ ነው። ሌላው ሰው አረም ሲያይ ይነቅላል፤ እሱ ተንበርክኮ በስሙ ይጠራዋል፣ በከረጢት ከትቶ ያደርቀዋል፣ ይመዝነዋል። ሴቶቹ መጀመሪያ ሲያዩት «ሰውየው ጤነኛ ነው?» ተባብለው ነበር። የሚያጠናው ግን ካሮቱ መቼ ቢታረም እንደሚሻለው፣ ቢዘገይ ምን ያህል እንደሚጎዳ፣ መድኃኒት ቢረጭበት ምን እንደሚሆን ነው። ለዚህ ብሎ ማሳውን በካስማና በሲባጎ ከፋፍሎ መደብ መደብ አድርጎታል። በየመደቡ ራስ ላይ ፊደል የተጻፈበት ትንሽ ታፔላ ቆሟል።

አንድ ቀን ዶክተሩ ከመደቦቹ አንዱ ጠፍቶበት ወዲያ ወዲህ ሲል ትንሿ ቀና አለች።

«ከወዲያ ጫፍ ነው ዶክተር። ታፔላውን ነፋስ ጥሎት ነበር፤ ፊደሉን አይቼ እኔ ነኝ መልሼ ያቆምኩት።»

«ጎበዝ!» አላት።

ነገሩ ይቺው ናት። ሰው ሰምቶ የሚረሳት ነገር ናት። ወረንጦ ግን ጎንበስ እንዳለች ሰማቻትና አልረሳቻትም። ከዚህ ሰው ጋር ስንት በጋና ክረምት ስትሠራ «ጎበዝ» ብሏት አያውቅም። «አመሰግናለሁ» ነው የሚላት። «አመሰግናለሁ» ለበረኛውም ይባላል፣ መንገድ ለለቀቀም ይባላል። «ጎበዝ» ሌላ ነው። «ጎበዝ» ሰውን ለይቶ ነው የሚመጣው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኗ ከካሮቱ ተነስቶ እህቷ ላይ ዋለ። ትንሿ ስትስቅ «ምን አሳቃት?» ትላለች፤ ዝም ስትል «ምን ደብቃ ነው?» ትላለች። ትንሿ ባለፈችበት መስመር ሄዳ አፈሩን ትጭርና ተበጥሶ የቀረ የሙጃ ሥር ስታገኝ ደስታዋን ያየ ሰው ወርቅ ያገኘች ነው የሚመስለው። ሙጃ እንደ ሣር ያለ ክፉ አረም ነው፤ ሥሩ ከቀረ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል።

«ይኸው! ላጭተሽዋል እንጂ አላረምሽውም። ሥሩ እዚህ ተኝቶ ይስቅብሻል።»

«እሺ እታለም፣ አስተካክላለሁ» ትላለች ትንሿ።

እሺ ማለቷ ደግሞ የባሰ ያበግናታል። ብትመልስላት ደስ ባላት፤ ጠብ ቢሆን ይወጣላት ነበር።

አንድ ጠዋት ሬዲዮ ወሬ ይዛ መጣች። ሬዲዮ የሚሏት አብራቸው የምታርም ሴት ናት። ወሬ ሲኖር ታወራለች፣ ሲጠፋ ትፈጥራለች፤ ባትሪዋ አያልቅም።

«ሰማችሁ? ጋሽ ካቦ ጡረታ ሊወጣ ነው!»

«ማን ነገረሽ?»

«ጉልበቱ ነገረኝ! ሲቀመጥ እንዴት እንደሚጮህ አትሰሙም እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሁሉም ዞረው ወረንጦን አዩ። ማን እንደሚተካው ለማንም ግልጽ ነው። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለች እሷ፤ ልቧ ግን እዚያው ካቦ ሆነ። ካቦ ጎንበስ አይልም፤ ቀና ብሎ በመስመሮቹ መሀል ይሄዳል። የእሷ ወገብ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደጎበጠ ነው። አሁን ቀና ማለት አማራት። አማራት ሲባል እንዲያው የዋዛ አይደለም፤ እርጉዝ ሴት እንደሚያምራት ነው ያማራት።

ሬዲዮ መች ዝም ትላለች! «ግን ዘንድሮ የተማረ ነው የሚፈልጉት ይባላል። ታፔላ የሚያነብ» አለችና ትንሿን በዓይኗ ጠቀስ አደረገቻት።

«አታሹፊ ባክሽ» አለች ትንሿ።

አታሹፊ አለች እንጂ አልፈልግም አላለችም። ወረንጦ ይህን ልብ ብላ ያዘችው።

በዚያው ሰሞን አዲስ ጥናት ተጀመረ። ካሮቱ ተዘርቶ ብቅ ብቅ ሲል ዶክተሩ ሴቶቹን ሰብስቦ መደብ አከፋፈላቸው። አንዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚታረም ነው፣ አንዱ ዘግይቶ የሚታረም፣ አንዱ መድኃኒት የሚረጭበት። ሁልጊዜ የሚታረመውን፣ ንጹሑን መደብ፣ ለትንሿ ሰጣት። ከዚያ ወደ ወረንጦ ዞረ።

«ይሄኛው ያንቺ ነው እህቴ። ይሄ አይታረምም።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መጨረሻው።»

«እና እኔ ምን ልሠራ ነው?»

«ትጠብቂዋለሽ። ሰውም ከብትም እንዳይነካው።»

«ካሮቱን?»

«አረሙን።»

ዶክተሩ አስረዳቸው። አረም ካሮትን ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚታወቀው ጨርሶ ካልታረመው ጋር ሲተያይ ነው። እሱ ከሌለ የሌላው መደብ ልፋት ሁሉ ከምን ጋር ይመዘናል? ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረንጦም ነቀነቀች፤ ጆሮዋ ግን «አይታረምም» ካለው ወዲያ ያለውን አልሰማም።

«ውይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» አለች ሬዲዮ። «ዕድሜሽን ሙሉ ስትነቅይው ኖረሽ አሁን ዘበኛው ሆንሽ! ዶክተር፣ ዱላና ፊሽካ ይሰጧታል?»

ሴቶቹ እየተደጋገፉ ሳቁ። ትንሿ ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ አመለጣት። ከዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል ወረንጦ የሰማችው የእሷን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለወረንጦ ቁስል ነበር። የትንሿ መደብ በየቀኑ ያምራል። ካሮቱ በመስመር በመስመር ቆሞ፣ ቅጠሉ እንደ ላባ ተዘርግቶ፣ አፈሩ በወንፊት የተነፋ ይመስላል። የእሷ ደግሞ በየቀኑ ይደፈናል። መጀመሪያ ሙጃው መጣ፣ ከዚያ እንግጫው፣ ከዚያ ስም የሌለው ሁሉ ዘመድ አዝማዱን እየጠራ ገባ። ካሮቶቹ ከሥር ሆነው ፀሐይ ፍለጋ ይንጠራራሉ፤ ቀጥነዋል፣ ገርጥተዋል። ጣቶቿ በኪሷ ውስጥ ይበሏታል። የሚያልፍ የሚያገድም ሁሉ ቆም ብሎ «ይሄ የማን ነው?» ይላል። ሬዲዮ ከሩቅ ትመልስለታለች፤ «የወረንጦ ነው! አሳምራ ይዛዋለች!»

ቤትም ሰላም አላገኘችም። እናቷና ትንሿ የሚኖሩት ከእሷ ቤት ፊት ለፊት፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ማታ ልትጠይቃት ብትገባ እናቷ ሽንኩርት እየላጠች ጠበቀቻት።

«የትንሿ መደብ እንዴት ያምራል አሉ! ሬዲዮ መንገድ ላይ አግኝታ ነገረችኝ።»

«የኔንስ አልነገረችሽም?»

«ያንቺማ ጫካ ሆኗል አለችኝ። ምን ነካሽ ልጄ? አመመሽ እንዴ?»

«እማዬ፣ እንዳላርመው ተከልክዬ ነው እኮ!»

«ማን ከለከለሽ?»

«ዶክተሩ ነዋ!»

እናትየው ቢላዋውን አስቀምጣ በሐዘን አየቻት። «አይ ልጄ» አለች፣ «ሰው ሥራ ሲያስጠላው ሰበብ አያጣም። አባትሽም እንዲሁ ነበር።»

ወረንጦ ወጣች። ቤቷ ስትገባ ባሏ የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቶ ነው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ነገሩን ሁሉ በክርና በመርፌ ነው የሚያስበው። አኩርፋ መግባቷን አይቶ ጠየቃት፣ ነገረችው።

«ሰውየው አረሙ እንዲያድግለት ይፈልጋል» አለ፣ «አረሙ ደግሞ አድጓል። ሥራሽ ሰመረ ማለት ነው። ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«አንተን ሱሪ መስፋቱን ተውና ቀዳዳውን ጠብቅ ቢሉህ ደስ ይልሃል?»

«ከከፈሉኝ?» አለና ፔዳሉን ረገጠ።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ ጋሽ ካቦ አንድ ቀን ሴቶቹን ጠርቶ፣ ነገ ከሌላ ምርምር ጣቢያ ጎብኚዎች እንደሚመጡ ነገራቸው። ጓንትና ቦቲያቸውን አጥበው እንዲመጡ አዘዘ። «በዚያውም የቢሮ ኃላፊዎች ይኖራሉ» አለ፣ «እኔን የሚተካውን ሰው እዚያው ሊናገሩ ይችላሉ። እንግዲህ እንዳታሳፍሩኝ።»

እንዳታሳፍሩኝ ሲል ወረንጦን ያያት መሰላት። ሰው የተቀመጠበት ወንበር ከሥሩ ሲሳብ እንዴት እንደሚሆን፣ እንደዚያ ሆነች። ነገ ሰው ሁሉ ይመጣል። ትንሿ በዚያ በላባ ካሮቷ ፊት ቆማ ትታያለች። እሷ ደግሞ በጫካዋ ፊት። ካቦ ማንን ያደርጋሉ? እሷ ብትሆንስ ማንን ታደርግ ነበር?

በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ከዳሱ ሥር ተቀምጠው ሲበሉ እሷ ወደ መደቧ ሄደች። ልታርመው አልነበረም። ይህን እንኳ እውነቱን እንናገርላት። ከመንገዱ በኩል ያለውን ጫፍ ብቻ፣ ለዓይን የሚከፋውን ብቻ፣ አንድ ሁለት ሙጃ መንቀል ነበር ያሰበችው። አንዱን ያዘችና መዘዘችው። ከነሥሩ መጣ። እፎይ አለች፤ ውኃ ጠምቶት የጠጣ ሰው እንደሚለው ነው ያለችው። ሁለተኛውን መዘዘች። ከሥሩ አንዲት የገረጣች ካሮት ብቅ አለች። «አይዞሽ» አለቻት። ከዚያ ወዲያ እጇ እሷን አልጠየቃትም። አመል ያወጣል ከመሀል ይባል የለ? የእጅ አመል ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ያንን ሁሉ የታፈነ ነገር፣ «ጎበዝ»ን፣ የሬዲዮን ፊሽካ፣ የእናቷን «አይ ልጄ» አንድ ባንድ እየመዘዘች በጆንያ ሞላችው።

ትንሿ ድርሻዋን ምሳ ይዛላት ስትመጣ ከመደቡ የቀረው ጥግ ላይ ያለው ቁራጭ ብቻ ነበር።

«እታለም!» ሳህኑ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። «ምን አደረግሽ?»

«ዝም በይ።»

«አይታረምም ብሎሽ ነበር እኮ! ጥናቱ…»

«ዝም በይ አልኩሽ! አንቺማ ምን አለብሽ? ንጹሑን ሰጥተውሻል። ነገ አጊጠሽ ትቆሚለታለሽ።»

ትንሿ አፏን ከፍታ አየቻት። ከዚያ ሳህኑን መሬት አስቀምጣ ጆንያውን ገለበጠችና አረሙን መልሳ መትከል ጀመረች። በጣቷ ጉድጓድ ትከፍታለች፣ አንዱን ሙጃ ታቆማለች፣ አፈሩን ትጠቀጥቃለች። ደግሞ ሌላ።

«ነይ እንጂ አግዢኝ! ውኃ ካጠጣነው ይይዝ ይሆናል።»

«እኔ?» አለች ወረንጦ። ንዴቷን እንኳ ረሳችው። «እኔ በሕይወቴ አረም ተክዬ አላውቅም፣ አሁንም አልተክልም!»

እንደ እውነቱ ከሆነ ትንሿ ስትተክል አይታ አላስቻላትም፤ «እንደሱ አይደለም፣ ሥሩን አታጣምሚው» ብላ ልታርማት ነበር። ከንፈሯን ነክሳ ተወችው። ሰዎቹ ከምሳ ሲመለሱ ወረንጦ የተረፈውን አረም ጆንያው ውስጥ መልሳ ከመሣሪያ ቤቱ ጀርባ ደበቀችው። ትንሿ ጥቂቱን እንኳ ተክላ አልጨረሰችም።

በማግስቱ ጎብኚዎቹ መጡ። ዶክተሩ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ከመደብ ወደ መደብ እየወሰደ ያስረዳቸዋል፤ የትንሿ መደብ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው አደነቁ። «አሁን ደግሞ» አለ ዶክተሩ ፊቱ እየፈካ፣ «ካሮት ብቻውን ቢተው ምን እንደሚሆን ላሳያችሁ።»

ዞረ፤ እዚያው ደርቆ ቀረ። ከጥጉ ቁራጭ በቀር መደቡ ባዶ ነው። እዚህና እዚያ የተተከሉት ሙጃዎች ጠውልገው፣ እንደ ሰከረ ሰው ተጋድመዋል። ከመሀላቸው የገረጡት ካሮቶች እንደ ክር ወድቀዋል። ጎብኚዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የቢሮው ኃላፊ ጋሽ ካቦን አየ፣ ጋሽ ካቦ መሬቱን አየ።

«ማነው?» አለ ዶክተሩ። ድምፁ ቀጭን ነበር።

ሬዲዮ እንኳ ተዘግታለች። ያኔ ትንሿ ወደ ፊት ወጣች።

«እኔ ነኝ ዶክተር። ለእንግዶቹ እንዲያምር ብዬ ነው። ይቅርታ።»

ወረንጦ ዳነች። ዝም ብትል ዳነች። ዶክተሩ ትንሿን በሐዘን አያት፤ ቁጣ ግን ፊቱ ላይ የለም። ከጎብኚዎቹ አንዲት ሸበቶ ሴትዮ ደግሞ «ምንም ቢሆን» አለች፣ «በሰው ሁሉ ፊት እኔ ነኝ ማለት ቀላል አይደለም። ጎበዝ ልጅ ናት።»

ጎበዝ!

ከዚያ በኋላ የሆነውን ወረንጦ ራሷ አታውቀውም ትላለች። ያዩት እንደሚያወሩት ግን፣ ሰዉን ገፍትራ ነው የወጣችው።

«ውሸቷን ነው! እሷ አይደለችም!»

«እታለም፣ ተይ…» አለች ትንሿ።

«አልተውም! ጥፋቴን እንኳ ልትቀሚኝ ነው?» ከመሣሪያ ቤቱ ጀርባ ሮጣ ጆንያውን ጎትታ አመጣችና ዶክተሩ እግር ሥር ዘረገፈችው። አንዱን ሙጃ አንስታ ፊቱ ላይ ደቀነችበት። «ይህን ሥር ይዩት ዶክተር! ጫፉ ድረስ ይዩት! አንዲት ፀጉር ተበጥሳለች? ይሄ የእሷ እጅ ነው? እሷ ብትሆን ግማሹ መሬት ውስጥ ቀርቶ ነበር! ጋሼ፣ አንተ ተናገር እንጂ፣ ይሄ የማን እጅ ነው?»

ጋሽ ካቦ ሥሩን አየ። «ያንቺ ነው ልጄ» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ! የእኔ ነው!»

ከጎብኚዎቹ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ዶክተሩ ብቻ አልሳቀም። ተንበርክኮ አንዲት የወደቀች ካሮት ሊያቆም ሞከረ፣ ተመልሳ ወደቀች።

«ለምን እህቴ?» አላት።

«አሳፈርከኝ… አሳፈሩኝ እንጂ ምን ላድርግ? ከሰው ሁሉ ለይተው ለእኔ አረም ሰጡኝ!»

«ከሰው ሁሉ ለይቼ ነው የሰጠሁሽ» አለ ዶክተሩ። «ባለፈው ጥናት ሣር አጫጆች ገብተው አጭደው ለከብቶቻቸው ወሰዱብኝ። አንቺን ግን ሰፈሩ ሁሉ ይፈራሻል። አንቺ ካለሽበት ማንም አይደፍርም ብዬ ነው።»

እውነትም ሣር አጫጆቹ ከሩቅ ሲያዩዋት መንገድ ይቀይሩ ነበር። የእሷ መደብ የሚመስሉ ሌሎች መደቦች ከማሳው ወዲያ ጫፍ ስላሉ ጥናቱ ጨርሶ አልሞተም፤ ግን አንድ እግሩ እንደተሰበረ ወንበር ሆነ። ጎብኚዎቹ ሲሄዱ ጋሽ ካቦ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«ለካቦነቱ ስምሽን የሰጠሁት እኔ ነበርኩ» አላት። «ቢሮው ተስማምቶ ነበር። ዛሬ ከጉብኝቱ በኋላ ሊነግሩሽ ነበር።»

«አሁንስ ጋሼ?»

ጉልበቱን እያሻሸ ሄደ።

ካቦነቱ ለትንሿ ተሰጠ። ወሬውን ያመጣችው ያው ሬዲዮ ናት። «አንዷ አትንኪ የተባለችውን ነካች፣ አንዷ ዋሸች» አለች። «ቢሮው ሁለቱን ጥፋት ሲመዝን ውሸቱ ቀለለው!» ሴቶቹ ሳቁ። ወረንጦ ሥራዋን ቀጠለች።

ያን ቀን ማታ ወረንጦ ግቢው ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ትንሿ ደረሰችባት። ወረንጦ አንሶላውን ገመዱ ላይ ዘርግታ በመሀላቸው እንደ ግድግዳ አቆመችው።

«እታለም፣ ልንገርሽ ብዬ ነው…»

«ሰምቻለሁ።»

«አኮረፍሽ?»

«ለምን አኮርፋለሁ? የእኔ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሰው ኖሯል።»

«እምቢ እንድላቸው ትፈልጊያለሽ?»

ወረንጦ በሆዷ «አዎ!» አለች። ወዲያው ግን እምቢ ብትልስ ብላ አሰበችው። እምቢ ካለች ለእህቷ ስትል ሹመት የተወች ትባላለች። እናታቸው ለጎረቤቱ ሁሉ እየዞረች ታወራዋለች። ሬዲዮ ዓመቱን ሙሉ ታሰማዋለች። እሱን ደግሞ በምን ሆዷ ትችለዋለች?

«እንዳትሞክሪያት!» አለች።

«ልሞክራትም አልነበር» አለች ትንሿ። አንሶላውን ገለጥ አድርጋ ብቅ አለች። «እኔም እፈልገዋለሁ እታለም። ጫማዬ ካንቺ፣ ደብተሬ ካንቺ፣ ሥራዬ ካንቺ። የራሴ ምን አለኝ? ያን ቀን እኔ ነኝ ያልኩት እንኳ፣ አንድ ነገር ላንቺ ሰጥቼሽ ልገላገል ብዬ ነው። እሱንም አልተውሽልኝም።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ እኮ በአንቺ እየቀናሁ ነው ያደግኩት።»

«በእኔ? በምኔ?»

«በእጅሽ።»

ወረንጦ እጇን አየችው። ጥፍሩ ሥር አፈር አለ፣ ጣቶቹ ጠቁረዋል፣ መሀል ጣቷ ጠመም ብሏል። በዚህ እጅ የሚቀና ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። ነውር ነው እንጂ፣ ደስ አላት። ከንዴቷ ሥር የሆነ ነገር ጣፈጣት። ለእህቷ ግን አላሳየቻትም። «ልብሱን ጨምቀሽ አቀብይኝ» አለቻት፣ «ቆመሽ ከምታለቅሽ።»

ትንሿ ካቦ ሆና በወጣችበት ጠዋት አዲሱን ቦቲዋን አድርጋ፣ ድምፅዋን እየጠረገች መስመር አከፋፈለች። ሬዲዮን ወደ ግራ፣ ሌሎቹን ወደ መሀል። ወረንጦ ጋ ስትደርስ ተንተባተበች።

«እታለም… አንቺ… የፈለግሽውን ያዢ።»

«ካቦ እንደሱ አይልም» አለች ወረንጦ ጮክ ብላ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ካቦ ይመድባል። መድቢኝ!»

ትንሿ ቀላች። «ዳሩን ያዢ» አለች። «ሙጃው የባሰበትን።»

ወረንጦ ጎንበስ አለች። ወገቧ እንደ ሁልጊዜው ቆረጠማት። ከዚያ ጣቶቿን ሰደደች። ነቀለች፣ ነቀለች፣ ነቀለች። ሌሎቹ ገና የመስመራቸው አፍ ላይ ሳሉ እሷ መሀሉን አልፋ ነበር። ካቦ የእያንዳንዱን ሥራ እየተከተለ ማየት አለበት፤ ትንሿም በዚያ ገና እግሯን ባለመደው ቦቲ አፈሩ ውስጥ እየሰጠመች ትከተላት ጀመር። በደረሰች ቁጥር ወረንጦ ፈቀቅ ብላለች።

«እታለም! ቀስ በይ እንጂ፣ ልይልሽ!»

«ካቦ አይደለሽ እንዴ!» አለች ወረንጦ ቀና ሳትል። «ድረሺብኛ!»

ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ይስቃሉ። ትንሿ ቀሚሷን ሰብስባ በመስመሮቹ መሀል እየተደናቀፈች ትሮጣለች፤ ወረንጦ ደግሞ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታያት፣ ጣቶቿን የበለጠ ታፈጥናለች።